ቦታውን የለቀቀ ኮኮናት

ምዋምባኒ፣ ዛንዚባር
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1998

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለምዋናይሻ፣ ሙስካት፦

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የስፌት መኪናሽን ድምፅ አያጥፋው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፣ እኔማ ከደህናም አልፌያለሁ።

አንቺ ከዚህ ስትሄጂ እኔ ንፍጤን በክንዴ የምጠርግ ልጅ ነበርኩ አይደል? አሁን ብትመጪ አታውቂኝም። ሆቴሉ ሄደሽ «ፓንዱ የቩአይ ልጅ» ብትዪ ማንም አያውቅም። «ካፒቴን ማንጎ» በዪ፤ ከበረኛው እስከ ወጥ ቤቱ ሁሉም ጣቱን ወደኔ ነው የሚቀስረው። ጣልያንኛ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው። ከአምስተኛ ክፍል ያባረረኝ መምህር ዛሬ ልጁን ሆቴል ለማስቀጠር እኔን ደጅ ይጠናል። «ቆይ እናያለን» አልኩት፣ እግሬን አነባብሬ።

ሆቴሉን አታውቂውም። አንቺ ስትሄጂ እዚያ ቦታ ፍየል ነበር የሚታሰርበት። አሁን ፈረንጅ ተጋድሞበታል። ሥራቸው መጋደም ነው ወላሂ። በጀርባቸው ይጋደማሉ፣ ሲበቃቸው በሆዳቸው ይገለበጣሉ፣ ልክ አሳ እንደሚጠበስ። በቀን ሦስቴ በንጹህ ውሃ ይታጠባሉ። የኛ ቧንቧ ሆቴሉ ጉድጓድ ከቆፈረ ወዲህ ጨው ጨው ይላል፣ የእማዬን ሻይ ስኳር ቢበዛበትም አይለቀውም። የባሕር ሣር የሚተክሉት ሴቶች ወገባቸውን ይዘው ሲቃትቱ እንግዶቹ ፎቶ እያነሱ «እንዴት ያምራል!» ይላሉ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ሴቶቹ «ምን አሉ?» ሲሉኝ «በርቱ ብለዋችኋል» እላለሁ።

አባዬ የለም። በሰሜኑ ንፋስ ከአራት ሰዎች ጋር ወደ ኪልዋ ደሴቶች ዳጎ፣ ለወራት አሳ ሊያጠምድ፣ ወርዷል። እንደ ድሮው ነው፣ አሸዋው ላይ ዳስ ጥለው ያጠምዳሉ፣ በጨው ያደርቃሉ፣ ንፋሱ ከደቡብ መንፈስ ሲጀምር ይመለሳሉ። ሌሎች ሁለት ጀልባዎችም አብረው ወርደዋል። «ና አብረን እንውረድ» ብሎኝ ነበር። «አባዬ፣ እኔኮ ካፒቴን ነኝ» አልኩት። «የምን ጀልባ ካፒቴን?» አለኝ። ሰው ፊት ነው ያለኝ አክስቴ። መስጊድ በር ላይ የተቀመጠ ሁሉ እስኪያስለው ሳቀ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሆቴሉ አለቃ ሲኞር ዳሪዮ ይባላል። ፈረንጅ ቀጥ ያለ ኮኮናት አይወድም፤ አንገቱ የተቆለመመ፣ ወደ ባሕር ጎንበስ ያለ ነው የሚፈልገው፣ ሙሽሮች ከሥሩ ቆመው ፎቶ እንዲነሱ። በአገሩ እንደዚያ ያለው አንድ ያንቺ ብቻ ነው፣ መስጊዱ ፊት ያለው። ሲኞር ዳሪዮ ከከተማ ክሬን አምጥቶ ከነሥሩ ነቅሎ ሆቴሉ ፊት ሊተክለው ነው። አይሞትም፣ እንደውም ንጹህ ውሃ ይጠጣል፣ ከኛ ተሻለ። ለኔ ደግሞ ጀልባ ይሰጠኛል። ከሥሯ መስታወት ያላት፣ እንግዶች አሳ የሚያዩባት ጀልባ። ካፒቴኗ እኔ! ያኔ የምን ጀልባ ካፒቴን እንደሆንኩ ይታያል።

መሬቱ የማንም ይሁን፣ ዛፍ የተተከለለት ሰው ንብረት ነው። አያቴ አንቺ ስትወለጂ ነው የተከለልሽ። ስለዚህ ያንቺ ቃልና ፊርማ ያስፈልጋል። አጥማጆቹ «ስንገባ የምናየው እሱን ነው» ምናምን እያሉ ያጉረመርማሉ። ይዩዋ! እዚያም ሆኖ ይታያል። ዓይን የላቸውም እንዴ?

ሌላ የምለምንሽ የለም፣ ጥቁር መነጽር ብቻ ላኪልኝ። ካፒቴን ዓይኑ አይታይም።

የወንድምሽ ልጅ
ፓንዱ (ካፒቴን ማንጎ)


ሙስካት
ማርች 3 ቀን 1998

ለወንድሜ ልጅ ለፓንዱ፦

ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ እናትህን ያቁምልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ጠይቀኸኛል፣ ስለ ጉልበት አንነጋገር። እዚህ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ ባሕሩን ካየሁት ግን ወር አልፎኛል። የረመዳን ስፌት ካለቀ በኋላ የሠርግ ስፌት መጣ።

መነጽሩን ልኬልሃለሁ። ሰው ሴት ወዳጅ የላከችልህ እንዳይመስለው፣ አክስቴ ናት በል።

ስለ ዛፉ። ሳነበው መጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ የተወለድኩ ቀን አባቴ ሲተክለው ጉድጓዱን የቆፈረው አባትህ ነበር፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ። ሲቆፍር ጣቱን በመቆፈሪያው መትቶ ጥፍሩ ወልቋል። ከአገር እስክወጣ ድረስ በዚያ ጣቱ ያስፈራራኝ ነበር፤ «ዛፍሽ ጥፍሬን በልቷል» ይለኝ ነበር።

እኔ ሴት ነኝ፣ ባሕሩን አላውቀውም። ወንዶች ወደ ቤት ሲመጡ የሚያዩትን ነገር ግን ሳይጠይቁ አይነኩም፤ ይህን ለማወቅ አጥማጅ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ስማኝ። ፊርማዬን በወረቀት ልኬያለሁ። ወረቀቱ የሚወጣው አባትህ እሺ ካለ በኋላ ነው። ቩአይ እሺ ካለ እኔም እሺ ብያለሁ። ቩአይ እምቢ ካለ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨምረው። ቃሌ ይሄ ነው።

ለእናትህ ጨርቅ ልኬያለሁ፣ አረንጓዴው የሷ ነው። አላህ ልብ ይስጥህ።

አክስትህ ምዋናይሻ


ምዋምባኒ
ኤፕሪል 11 ቀን 1998

ውድ አክስቴ፦

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ስፌትሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬ አረንጓዴውን ጨርቅ ለብሳ ጎረቤት ሁሉ ዞራ ተመለሰች። መነጽሩ ደርሶኛል። ሳደርገው አንዲት ጣልያናዊት «ቤሎ!» አለችኝ። ቆንጆ ማለት ነው፤ ለነገሩ ሳይነገረኝም አውቀዋለሁ።

ዛፉ ተዛወረ!

አንቺ ማየት ነበረብሽ። ክሬኑ ከከተማ ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ እየጮሁ ተከተሉት። ለአራት ቀን ዙሪያውን ቆፍረን ሥሩን ከነአፈሩ በሸራ ጠቀለልነው። ክሬኑ ሲያነሳው ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ እንደ ሰካራም አንገቱን ጣለ። ሃምሳ ሰው ገመድ ይዞ፣ ጀልባ ወደ ውሃ ስንገፋ የምንዘፍነውን እየዘፈንን አቀናነው። ፊት ሆኜ የማዘፍነው እኔ ነኝ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የመስጊዱ ሽማግሌ ኻቲቡ ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ዳር ቆመው «ዛፍ ሲሄድ ያየሁት ዛሬ ነው። የቂያማ ምልክት ነው» አሉ። «ሼህ፣ ቂያማ ከሆነ ዛፉን ተከትለው ሆቴል ይግቡ፣ ፍርዱ እዚያ ቀለል ይላል» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም። «ቩአይ ያውቃል?» አሉኝ። «ያውቃል» አልኳቸው።

አንቺም እንዳትሰጊ፣ አባዬን ጠይቄዋለሁ። በአንድ ሲሚንቶ ጫኝ መርከበኛ ልኬበት «እሺ፣ ደስ ይበላችሁ» ብሎ መልሷል። ስለዚህ ወረቀቱን ሰጠሁ። ቃልሽን አክብሬያለሁ።

ዛፉ ከድሮው ቦታው ብዙም አልራቀም፣ ወደ ሰሜን ትንሽ ገፋ አለ እንጂ። አሁን ከሥሩ ነጭ አሸዋ አስደፍተውበታል። የሰፈሩ ልጅ እዚያ መቀመጥ አይችልም፣ ዘበኛ አለ። እኔ ግን እችላለሁ፣ ማልያዬ ላይ «ካፒቴን» የሚል ተጽፎበታል። ጀልባዋንም አግኝቻለሁ! ትናንት አሥር ፈረንጅ ይዤ ወጣሁ። በመስታወቱ አሳ አይተው እንደ ሕጻን ጮሁ። እኛ አሳ የምናየው ሳህን ላይ ነው፣ እሱም ድሮ ቀረ፣ አሁን የሚጠመደው ሁሉ ወደ ሆቴሉ ወጥ ቤት ነው የሚሄደው። እኛ ካሳቫ በአሳ ጭራ እንበላለን። ለኔ ግን ከወጥ ቤቱ ትራፊ ይወጣልኛል።

ወደዚህ በሚመጣ ሰው ነጭ ጫማ ላኪልኝ። ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው።

ካፒቴን ማንጎ


ሙስካት
ሜይ 8 ቀን 1998

ፓንዱ፦

ሰላምታ ይድረስህ። አላህ ይጠብቃችሁ፣ ባሕር ላይ ያሉትንም ይመልሳቸው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር አላመንኩህም። ቩአይ «እሺ፣ ደስ ይበላችሁ» አይልም። ወንድሜን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሺ የሚል ከሆነ መጀመሪያ ሦስት ቀን ይሳደባል። ስድቡን ለምን አልጻፍክልኝም?

እዚህ የኛ አገር ሽማግሌ አሉ፣ ሳሊም ይባላሉ፣ ድሮ የመርከብ ሰው ነበሩ። ለልብስ ልኬት መጥተው ስለ ዛፉ ለጨዋታ አነሳሁባቸው። ሻያቸውን አስቀመጡት። ስኳር መያዣውን ወሰዱና «ይሄ መስጊዱ ነው» አሉ። ብርጭቆውን ፊቱ አቆሙና «ይሄ ኮኮናቱ ነው» አሉ። «ከባሕር የሚመጣ ሰው ኮኮናቱን በመስጊዱ ነጭ ግድግዳ መሃል ካቆመው፣ ከጀልባው ፊት ያለው በሩ ነው። ባሕር ዳሩን የከለለው አለት እዚያ ጋ ብቻ ነው የሚከፈተው።» ከዚያ ብርጭቆውን ትንሽ ወደ ጎን ገፉት። «አሁንም ሁለቱን ማጋጠም ይቻላል። ግን ከሌላ ቦታ ሆነህ ነው የምታጋጥማቸው። እዚያ በር የለም፣ አለት ነው።» ብርጭቆውን እንደያዙ «ዛፉ ተቆርጦ ቢሆን ይሻል ነበር። ሰው ምልክቱን ሲያጣ ይቆማል። ሲያገኘው ነው የሚገባው» አሉ።

አባትህ ያንን ዛፍ ከሺህ ዛፍ መሃል ይለየዋል። ዛፍ ይሄዳል ብሎ አያስብም።

ስለዚህ አሁኑኑ፣ ይሄን ደብዳቤ ከእጅህ ሳታስቀምጥ፣ አንተው ራስህ ወደ ኪልዋ ሂድ። ሰው አትላክ። ልኬያለሁ አትበለኝ። ንፋሱ ሳይዞር ድረስላቸው። ወደዚያ የሚበር ሰው ሳፈላልግ አንድ ሳምንት አልፎብኛል፣ አንተ አንድ ቀን አታሳልፍ።

ጫማው ይቆይ።

አክስትህ


ምዋምባኒ
ጁን 15 ቀን 1998

ይድረስ ለአክስቴ፦

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። ጤናሽ እንዴት ነው። እኛ ደህና ነን። እማዬ ቤት ናት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። ያመጣው ሰው መጀመሪያ ዘመዶቹ ጋ ፔምባ ሄዶ ነበር።

አባዬ ከዳጎ ተመልሷል። ትንሽ አሞት ተኝቷል። ዱዓ አድርጊለት። ከተመቸሽ መጥተሽ ብታዪው ጥሩ ነው፣ እማዬም እንደዚያ ብላለች።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ዝናቡ ቆሟል። የምፈልገው ነገር የለም፣ ምንም አትላኪ።

ፓንዱ


ሙስካት
ጁን 30 ቀን 1998

ፓንዱ፦

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አንተ «አሞት ተኝቷል» ብለህ ስትጽፍ እኔ የወንድሜን ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀምጬ ተነስቼ ነበር። ወሬ ካንተ ይፈጥናል። ከሞምባሳ የመጣ የመርከብ ወጥ ሠሪ ለሳሊም ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ እዚህ ያሉ የአገራችንን ሴቶች ሰብስበው ላኩብኝ። በሩን ስከፍት ሁሉም ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ልብስ ሊያሰፉ የመጡ መስሎኝ «ግቡ፣ መለኪያዬን ላምጣ» አልኳቸው። እንደዚያ ነው የሰማሁት።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ በዚህ አልወቅስህም። ግን በሲሚንቶ ጫኝ መርከበኛ የላክኸው መልእክትስ? ስድብ የሌለበት እሺታስ? እሱን በደብዳቤ ነግረኸኛል።

አሁን ሁሉንም ጻፍልኝ። የሆነውን እንደሆነው። ለኔ አትራራ፣ ለራስህም አትራራ። የኔ ዛፍ ነው፤ የማወቅ መብት አለኝ።

ምዋናይሻ


ምዋምባኒ
ጁላይ 17 ቀን 1998

አክስቴ፦

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እሺ፣ እጽፋለሁ። ሦስቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፣ ማውራት ነው የምችለው።

ማንንም አልላኩም። መርከበኛ የለም። ከአፌ ነው የወጣው። እምቢ እንደሚል አውቅ ነበር። እኔ ያሰብኩት፣ ዛፉ ተተክሎ፣ ጀልባዋን ይዤ፣ እሱ ሲመጣ በጀልባዬ እስከ በሩ ወጥቼ ልቀበለው ነበር። «የምን ጀልባ ካፒቴን ነህ?» ሲለኝ «የዚች!» ልለው። መንገዱንም ያኔ እየመራሁ አስገባዋለሁ አልኩ። ንፋሱ ሲዞር በየቀኑ አያለሁ አልኩ። ለጥቂት ቀን አየሁም። ከዚያ እንግዳ በዛ።

የዚያን ዕለት ፀሐይ ስትወጣ ሁለት ሙሽሮች ከዛፉ ሥር ፎቶ ሊነሱ ፈለጉ። ጫማቸውን ይዤላቸው ቆሜያለሁ። ሌሎችም አራት አምስት እንግዶች ነበሩ። ማዕበሉ ከአለቱ ውጭ ከፍ ከፍ እያለ ነው፣ የደቡቡ ንፋስ ሲበረታ እንደምታውቂው። ሙሽሪት «ሸራ! ሸራ!» አለች። አየሁ። ሰማያዊ ጨርቅ የተጣፈበት ሸራ ነው። እማዬ ናት የጣፈችው። ባይጣፍ እንኳ አውቀዋለሁ።

ጀልባው ያለቦታው ነበር። ወደ ሰሜን ወጥቶ በቀጥታ ወደ ዛፉ ነው የሚመጣው። ጫማቸውን ጥዬ ውሃው ውስጥ እስከ ወገቤ ገባሁ። ሸሚዜን አውልቄ አወዛወዝኩ፣ ተመለስ፣ ተመለስ እያልኩ። ድምፅ አይደርስም። ዞር ስል እንግዶቹ ሁሉ ፎጣቸውን፣ ኮፍያቸውን ይዘው እያወዛወዙ ነው። ሰላምታ መስሏቸው ነው አክስቴ። እየሳቁ። ሙሽሪት መሸፈኛዋን ታወዛውዛለች። ካሜራው ቀጭ ቀጭ ይላል። «ተዉ!» ብዬ ጮህኩ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደጮህኩ አላውቅም። ያ ሁሉ ጣልያንኛዬ የት እንደገባ።

አባዬ እጁን አነሳ። ሰላምታ መለሰልን።

ከዚያ ማዕበሉ አነሳውና አለቱ ላይ አስቀመጠው። ሁለተኛው ማዕበል በላዩ መጣ። ሸራው ጠፋ። እንግዶቹ ወዲያው አልገባቸውም፤ አንዱ አጨበጨበ፣ ትርኢት መስሎት ይሆናል።

በኔ ጀልባ ወጣን። መስታወቱ ተሰበረ። ከአባዬ ጋር ከነበሩት አሜና ወንድሙ በሕይወት ወጡ። የሌሎቹ ሁለቱ አስከሬን ከሰዓት በኋላ ተገኘ፣ የአባዬ በማግስቱ። ሆቴሉ ነጭ ፎጣ ሰጠን፣ በዚያ ጠቅልለን ወደ ቤት ተሸከምነው። ፎጣ ክፍል ያለው ሰውዬ በሦስተኛው ቀን ጠርቶኝ «ሁለት ፎጣ ጎድሎብኛል» አለኝ።

የተረፈውን አሜን ጠየቅሁት። መጠየቅ አልነበረብኝም። ሲቃረቡ አሜ «ዛሬ ውሃው ቀለሙ ልክ አይደለም፣ ቆም እንበል» ብሎት ነበር። አባዬ አልሰማውም። ዛፉን አሳይቶት «የእህቴ ኮኮናት ነው፣ ዋሽቶኝ አያውቅም፣ ግቡ» አለው። ይሄው ነው። አትራራ ብለሻል፣ አልራራሁም።

እማዬ ለአባዬ ሐዘን ኢዳ ተቀምጣለች፣ ከቤት አትወጣም። አታናግረኝም፣ ምግቤን ግን በር ላይ ታስቀምጥልኛለች። ማልያውን መለስኩላቸው። ሽማግሌው ኻቲቡ ሲኞር ዳሪዮን ዛፉን አንሳልን ብለው ሄደው ነበር፤ የተፈረመበት ወረቀት አሳያቸው። አጥር አጠረበት፣ ዘበኛም ጨመረ። ሽማግሌው በድሮው ቦታ እንጨት አቁመው ነጭ ጨርቅ አስረውበታል። እዚህ ያለ አጥማጅ ሁሉ አውቆ በዚያ ነው የሚገባው። አሜ እንዳለኝ ሌሎቹ ሁለት ጀልባዎች ጨዋቸው እስኪያልቅ እዚያው ኪልዋ ቀርተዋል።

አንድ ቃል በዪኝ አክስቴ። ዛፉ ያንቺ ነው። መጥረቢያ ስዬ አስቀምጫለሁ። አጥሩን ዘልዬ ገብቼ እጥለዋለሁ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ።

ፓንዱ


ሙስካት
ኦገስት 2 ቀን 1998

ፓንዱ፦

ደብዳቤህን ለሳሊም አነበብኩላቸው። የአባትህ ቃል ጋ ስደርስ እሳቸው ናቸው ያነበቡልኝ።

መጥረቢያውን አስቀምጥ። ሁለቴ ሳትመታው ይይዙሃል። ዛፉ እንደቆመ አንተ እስር ቤት ትገባለህ፣ ሰውም «ፓንዱ ወንድ ነው» ይልሃል። ይሄን ነው የምትፈልገው፣ የሚወራልህ ነገር።

ኪልዋ ስለቀሩት ሁለት ጀልባዎች የጻፍከው አንድ መስመር ነው። እኔ ከዚያ መስመር አላለፍኩም። እነዚያ ሰዎች ነጩን ጨርቅ አያውቁም። የሚያውቁት ዛፌን ነው።

ሂድ። ወደ ደቡብ ሸራ አያስኬድህም፣ ንፋሱ ፊት ለፊትህ ነው። በመኪና ሂድ፣ መኪናው ከቆመ በእግርህ ሂድ። ደርሰህ በአፍህ ንገራቸው። «ዛፉ ሄዷል» ብቻ አትበል። «ዛፉን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ፣ አባቴን ገደለው» በል። ካልሆነ አያምኑህም፤ ቀልደኛ እንደሆንክ ያውቃሉ።

ከዚህ ደብዳቤ ምርቃት እንደጎደለ አውቃለሁ። አውቄ ነው የተውኩት። አድርሰህ ጻፍልኝ፣ ያኔ እልክልሃለሁ።

ምዋናይሻ


ኪልዋ
ኦገስት 27 ቀን 1998

አክስቴ፦

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይሄን የምጽፈው ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። እስክርቢቶውን ያዋሰኝ ፖስተኛው ነው፣ ቶሎ በል እያለኝ ነው።

መንገዱን ዝናቡ ቆራርጦት መኪናው ወንዝ ላይ ቀረ። የቀረውን በእግሬ መጣሁ። ከዚህ አንድ ታንኳ ለምኜ ወደ ደሴቶቹ ተሻገርኩ። የመጀመሪያውን ዳስ ትናንት አገኘሁት፣ የአንደኛው ጀልባ፣ የሻሚቴ ሰዎች ናቸው። ገና ሲያዩኝ «ኧረ ካፒቴን ማንጎ! ፈረንጆችህን የት ጣልካቸው?» ብለው ሳቁ። ነገርኳቸው። እንዳልሽው አድርጌ፣ መጀመሪያ እኔ ነኝ ብዬ። ሳቁ በየአፉ ቀረ። ሻሚቴ አባዬን እንደ ታላቅ ወንድሙ ነበር የሚያየው። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም። በጣቱ አሸዋው ላይ ባሕር ዳሩን ሥዕል አድርጎ «መስጊዱ የት ነው? ዛፉ አሁን የት ነው? አሳየኝ» አለኝ። አሳየሁት። ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠርቶ አሳያቸው። ከዚያ አሳ ሰጡኝ፣ በላሁ።

«የሌላው ጀልባ፣ የማካሜ ዳስስ የትኛው ነው?» አልኩ።

«ማካሜማ ዛሬ ማለዳ አራት ሰው ይዞ ሸራ አነሳ» አለኝ ሻሚቴ።

በጥሩ ንፋስ ወደ ቤት ሁለት ቀን ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ አለቱ ጋ ናቸው። እኔ በክንፍም አልደርስባቸውም።

ወደዚህ ተመልሼ ፖስታ ቤቱ ሲከፈት የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ። እኛ መንደር ስልክ ያለው ሆቴሉ ብቻ ነው። ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሳች፣ አዲስ ናት፣ አላውቃትም። «ፓንዱ ነኝ፣ የመንደሩ ልጅ። ለመስጊዱ ሽማግሌ አንድ መልእክት አድርሺልኝ፣ የሰው ነፍስ ነው» አልኳት። «የክፍል ቁጥርዎ ስንት ነው?» አለችኝ። «እንግዳ አይደለሁም እህቴ።» «ይቅርታ፣ መልእክት የምንቀበለው ለእንግዶች ነው» ብላ ዘጋችው። ድጋሚ ደወልኩ፣ ድምፄን ስትሰማ ዘጋችው።

ፖስተኛው አየኝና «በቃህ?» አለኝ።

አክስቴ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ከባሕር የሚመጣ ሰው ጎህ ሲቀድ ከዳር ጥቁር ጭስ ሲነሳ ካየ አይገባም። ሸራውን አውርዶ ከአለቱ ውጭ ይጠብቃል። ለቀብርም፣ ለወረርሽኝም ከአያቶቻችን ጀምሮ እንደዚያ ነው። የዚያን ዕለት እሳት ማንደድ ትዝ አላለኝም፤ ሸሚዝ ነው ያወዛወዝኩት። አሁን ትዝ አለኝ። ግን ማን ያነድልኛል? ለኛ መንደር ሰው ሆቴሉ ፊት ክብሪት መጫር ክልክል ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ደወልኩ። ድምፄን አወፈርኩ። «ፕሮንቶ!» አልኩ። ከሚላኖ የምደውል የአስጎብኚ ድርጅት አለቃ ነኝ አልኳት፣ ስሜም ሲኞር ቫልተር ነው አልኳት። ያወቅኋትን ጣልያንኛ ሁሉ አፈሰስኩባት፣ በየመሃሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እያስረዳኋት፣ ስድቡንም ሳላስቀር። ፖስተኛው አፉን ከፍቶ ያየኛል። «እሺ ሲኞር፣ እሺ ሲኞር» ትላለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነ።

ነገ ጎህ ሳይቀድ፣ ጠማማው ኮኮናት ሥር፣ ትልቅ እሳት እንዲነድ እፈልጋለሁ አልኳት። እርጥብ የኮኮናት ቅጠል ይጨመርበት፣ ጭሱ እስከ ሰማይ ይድረስ፣ እንግዶቼ ጭስ ይወዳሉ አልኳት። በማግስቱም፣ በማግስቱም እንደዚያው። እሳቱ ካልነደደ ከእንግዲህ አንድም ሰው አልክላችሁም አልኳት።

እየጻፈች ነው፣ የእስክርቢቶዋ ድምፅ ይሰማኛል።

«ደስ ይለናል ሲኞር» አለች። «ለስንት እንግዳ ነው?»

«ለአምስት» አልኳት።

«አውሮፕላን ማረፊያ መኪና እንላክላቸው?»

«አይ» አልኳት፣ «በባሕር ነው የሚመጡት።»

የወንድምሽ ልጅ
ፓንዱ